ክራክዳውን፦ ስለ ጣሪያ ዘላዩ ጌም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልዕለ ኃይል ያለው ሰው፣ ጠመንጃና እንደልብ የሚዞሩበት ከተማ የተገናኙባቸው ጌሞች ጥቂት አይደሉም። አንዱን ምረጥ ስባል ግን ሁልጊዜ የምጠራው እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣውን ክራክዳውንን ነው። ይህን ባልኩ ቁጥር ያው ጥያቄዎች ተራ በተራ ይመጣሉ። አንድ ጊዜ ልመልሳቸውና ልረፍ።

ክራክዳውን ምንድን ነው? ማን ሠራው?

የምታንቀሳቅሱትን ሰው ከጀርባው እያያችሁ የምትጫወቱት የተኩስ ጌም ነው። ሰውየው ኤጀንት ይባላል። ሲጀመር ከተራ ወታደር ትንሽ የሚሻል ነው፤ ሲያልቅ መኪና አንስቶ የሚወረውር፣ ከፎቅ ፎቅ የሚዘል ግዙፍ ፍጡር ሆኗል።

የሠራው ሪልታይም ወርልድስ የተባለ ድርጅት ሲሆን መቀመጫው ስኮትላንድ፣ ደንዲ ከተማ ነበር። አሳታሚው ማይክሮሶፍት ነው፤ ለራሱ የጌም መጫወቻ ማሽን፣ ለኤክስቦክስ 360 ብቻ ወጣ። የድርጅቱ መሥራች ዴቪድ ጆንስ ከዚያ በፊት እዚያው ደንዲ ውስጥ ዲኤምኤ ዲዛይን የተባለ የጌም ድርጅት መሥርቶ ሌሚንግስ የተባለውን ጌምና የመጀመሪያውን ጂቲኤ (ግራንድ ቴፍት ኦቶ) ያወጣ ሰው ነው። እንግዲህ ክፍት ከተማን ለዓለም ካስተዋወቁት ሰዎች አንዱ፣ ከተማውን ወደ ላይ ቢያስረዝመው ምን እንደሚሆን የሞከረበት ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

ታሪኩስ?

አጭር ነው። ፓስፊክ ሲቲ የምትባል በደሴቶች ላይ የተገነባች ከተማ አለች። ሦስት የወንጀለኛ ቡድኖች ተከፋፍለዋታል፤ ሎስ ሙዌርቶስ፣ ቮልክና ሻይ-ጄን ይባላሉ። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ዋና አለቃና ስድስት ሹማምንት አሉት፤ በድምሩ 21 ሰው። ፖሊስ አቅም ሲያጣ ኤጀንሲ የሚባለው ድርጅት በላብራቶሪ የተሠራ ኤጀንት ይልካል። ያ ኤጀንት እናንተ ናችሁ፤ ሥራችሁም 21ዱን ማጥፋት ነው።

በመሃል ትያትር የለም፣ ረጅም ወግ የለም። የኤጀንሲው ዳይሬክተር ብቻ እንደ እግር ኳስ አስተላላፊ በጆሯችሁ ያወራል። መጀመሪያ ያስቃል፣ ቀጥሎ ያሰለቻል፣ ከዚያ ዝም ሲል ይናፍቃል።

ኤጀንቱ ይበራል?

አይበርም። ይዘላል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ የጌሙ ነፍስም እዚህ ላይ ስላለች ጊዜ ወስጄ ልናገር።

የሚበር ጀግና ለጌም ሠሪ ፈተና ነው። የሚበር ሰው ከተማ አያስፈልገውም፤ ቤቶቹ ከሥሩ እንደ ምንጣፍ ያልፋሉ። የሚዘል ሰው ግን እያንዳንዱን በረንዳ፣ እያንዳንዱን የመስኮት ደፍ፣ እያንዳንዱን የማስታወቂያ ሰሌዳ ይፈልገዋል። ክራክዳውን ውስጥ ሕንፃ የምታዩት እንደ መሰላል ነው፦ «ከዚህኛው ጠርዝ ወደዚያኛው፣ ከዚያ ቧንቧውን ተጠግቼ…» እያላችሁ በዓይናችሁ ትለካላችሁ። ትስታላችሁ፣ ትወድቃላችሁ፣ ትረግማላችሁ፣ ደግሞ ትጀምራላችሁ።

ኤጀንቱ አምስት ችሎታዎች አሉት፦ ቅልጥፍና፣ ጉልበት፣ ተኩስ፣ ፈንጂና መኪና መንዳት። እያንዳንዱ እስከ አራት ኮከብ ያድጋል፤ የሚያድገውም በሠራችሁበት ነው። በጥይት የገደለ ተኩሱ፣ በቡጢ የመታ ጉልበቱ፣ በቦምብ ያጋየ ፈንጂው ያድግለታል። ልክ እንደ እውነተኛ ሕይወት፣ ያልሠራችሁበት ባለበት ይቀራል። ቅልጥፍናን በዋናነት የሚያሳድገው ግን ጠላት መግደል አይደለም፤ መውጣት ነው።

ሰው ሁሉ ስለ አረንጓዴ ኳስ የሚያወራው ለምንድን ነው?

ኦርብ ይባላሉ። በከተማዋ ጣሪያዎችና ከፍታዎች ላይ 500 አረንጓዴ የሚያበሩ ኳሶች ተቀምጠዋል፤ አንዱን ስትወስዱ ቅልጥፍናችሁ በትንሹ ይጨምራል። ቅልጥፍናችሁ ሲጨምር ዝላያችሁ ይረዝማል። ዝላያችሁ ሲረዝም ትናንት የማትደርሱበት ጣሪያ ላይ ያለው ኦርብ ዛሬ ይደረሳል። ሰንሰለቱ ይህ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ቀላል ነገር የለም፤ ከዚህ የበለጠ እንቅልፍ የሚነሳም አላውቅም።

ብዙ ጌም ውስጥ ተበትኖ የሚሰበሰብ ነገር አለ፤ ላባ፣ ባንዲራ፣ ፓኬት። አብዛኛው ከሥራ በኋላ የሚሰጥ ሌላ ሥራ ነው። የክራክዳውን ኦርብ የሚለየው ሽልማቱ ራሱ ቀጣዩን ኦርብ ለመድረስ የሚያስችል እግር መሆኑ ነው። «ይቺን ብቻ ወስጄ እተኛለሁ» ብሎ የጀመረ ሰው ጣሪያው ላይ ሲደርስ ማዶ ሌላ አረንጓዴ ብርሃን ያያል። ከዚያ ጣሪያም ሌላ። አለቃ ልገድል ወጥቼ፣ አለቃውን ረስቼ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ኦርብ ስለቅም ያመሸሁበት ቀን ብዙ ነው።

ከአረንጓዴዎቹ ሌላ 300 ሰማያዊ ኦርቦችም አሉ። እነዚህ የተደበቁ ናቸው፤ ሁሉንም ችሎታ በጥቂቱ ከፍ ያደርጋሉ። ለእነዚህ ራሳችሁን አትግደሉ፤ ስታገኙ ውሰዱ።

ተኩሱስ ጥሩ ነው?

ደህና ነው። ኢላማ የሚይዝ ቁልፍ አለ፤ ከያዛችሁ በኋላ ራስን፣ እጅን፣ እግርን ነጥሎ መምታት ይቻላል፤ መኪና ከሆነ ጎማውን ወይም የነዳጅ ታንከሩን። የተኩስ ችሎታችሁ ባደገ ቁጥር ኢላማው ቶሎ ይጠባል። ችግሩ ኢላማው አንዳንዴ ባዙቃ የያዘውን ትቶ አጠገቡ የቆመ ባዶ መኪና ላይ ይጣበቃል፤ እናንተ ከመኪና ጋር ስትጣሉ ባዙቃው ይደርሳል። ጌሙ ወጥቶ ይህን ያህል ዘመን አልፎትም ይህ ነገር ያናድደኛል።

ፈንጂና ጉልበት ግን ሌላ ነገር ናቸው። አራት ኮከብ የደረሰ ኤጀንት የጣለው ቦምብ መንገድ ሙሉ መኪና ወደ ሰማይ ይልካል። ጥይት ሲያልቅባችሁ ደግሞ የቆመውን መኪና አንስታችሁ ወርውሩ።

መኪና መንዳትስ?

መጀመሪያ ላይ ቁጥጥሩ በሳሙና ላይ እንደመሄድ ነው። ችሎታው ሲያድግ የኤጀንሲው መኪኖች ራሳቸው ቅርጽ እየቀየሩ ይሻሻላሉ፤ ያንን ማየት ደስ ይላል። ቢሆንም ግማሽ ሰፈር መዝለል ለቻለ ሰው መኪና ምን ያደርግለታል? አምስተኛው ችሎታ ከሌሎቹ ኋላ የሚቀረው ለዚህ ነው።

አለቆቹን በቅደም ተከተል መግደል ግዴታ ነው?

አይደለም፤ ይህ ከምወድለት ነገር አንዱ ነው። ጌሙ እንደጀመረ፣ ምንም ችሎታ ሳይኖራችሁ፣ የመጨረሻው አለቃ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። ጌሙ አይከለክላችሁም፤ የማሸነፍ ዕድላችሁ በመቶኛ ስንት እንደሆነ አሳይቶ ዝም ይላል። አትሰሙም፣ ትሄዳላችሁ፣ ትሞታላችሁ። ብልሁ መንገድ ሹማምንቱን ማስቀደም ነው፤ እያንዳንዱ ሥራ አለውና። መልማዩ ሲሞት የአለቃው ጠባቂ ይቀንሳል፤ የጦር መሣሪያ አቅራቢው ሲሞት መሣሪያቸው ይደክማል። ሞኙ መንገድ ደግሞ በማይታሰበው ገደል ወጥቶ ከላይ አለቃው ግቢ ውስጥ መውረድ ነው። ሁለቱም ይሠራሉ። እውነቱን ለመናገር ሞኙ ይጥማል።

ከጂቲኤ በምን ይለያል?

አባታቸው አንድ ነው፣ ጠባያቸው ለየቅል። ጂቲኤ ውስጥ ወንጀለኛ ናችሁ፤ እዚህ ሕግ ነን ባዮች። ሰላማዊ ሰው ብትገድሉ ችሎታችሁ ይቀንሳል፤ ካበዛችሁት ኤጀንሲው ራሱ ታጣቂ ይልክባችኋል። ጂቲኤ ከተማውን በሰው ወግ፣ በሬዲዮ፣ በቀልድ ይሞላዋል። የክራክዳውን ከተማ ነዋሪ ግን ለመሮጥና ለመጮህ ብቻ የተፈጠረ ይመስላል። መንገድ ላይ ቆማችሁ ብታዩት ፓስፊክ ሲቲ ባዶ ነች። ጣሪያ ላይ ስትወጡ ነው ነፍስ የምትዘራው።

ወንበዴዎቹ ሁሉ የውጭ አገር ሰዎች የሆኑት ለምንድን ነው?

ይህን የሚጠይቀኝ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ በሰው አገር የሚኖር ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ሎስ ሙዌርቶስ የላቲን አሜሪካ፣ ቮልክ የምሥራቅ አውሮፓ ሰዎች ናቸው፤ ሻይ-ጄን ደግሞ የእስያ ቀለም የተቀባ ግዙፍ ኩባንያ ነው። የየቡድኑ ሰው የሚናገርበት ዘዬ፣ የሚነዳው መኪና፣ የሚኖርበት ሰፈር ሁሉ ከተለመደው የፊልም ሥዕል የተቀዳ ነው። ስንፍና ነው፤ በሌላ ስም አልጠራውም።

ጌሙ የሚያቀርበው አንድ ማካካሻ አለ፤ መጨረሻውን ማወቅ የማትፈልጉ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ዝለሉ። 21ኛው ሰው ሲሞት ዳይሬክተሩ ምስጢሩን ያወጣዋል። ቡድኖቹ እንዲህ እንዲጠነክሩ ያገዘው ኤጀንሲው ራሱ ነው፤ ሕዝቡ ተሰቃይቶ ተሰቃይቶ ኤጀንሲውን «ና ግዛን» እንዲል። እናንተ ያን ሁሉ ጊዜ ስታገለግሉ የኖራችሁት ጀግናን ሳይሆን አምባገነንን ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን በደቂቃዎች ተነግሮ ያልቃል፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ሰዓታት ውስጥ ፍንጭ እንኳ ቢዘራ ኖሮ ሌላ ጌም ይሆን ነበር።

ለሄሎ 3 ሲባል ነው የተሸጠው የሚባለው እውነት ነው?

በከፊል። ሄሎ 3 በጉጉት ይጠበቅ የነበረ የማይክሮሶፍት የተኩስ ጌም ነው፤ ማይክሮሶፍት የሙከራ ስሪቱን መግቢያ ክራክዳውን ዲስክ ላይ አድርጎት ነበር። ሙከራው እ.ኤ.አ. ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ መጀመሪያ 2007 ሲካሄድ ለመግባት ዲስኩን ማስገባት ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ክራክዳውንን እንደ ቲኬት የገዛው ሰው ብዙ ነው። ቲኬቱን ይዞ የመጣው ግን ሄሎ እስኪከፈት ሲጠብቅ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። በዚያው ዓመት ጌሙ ሁለት የባፍታ (የብሪታንያ የፊልምና የጌም) ሽልማት ወሰደ፤ አንዱ በአክሽንና አድቬንቸር ዘርፍ፣ ሌላው በድምፅ አጠቃቀም። ለቲኬት መጥፎ አይደለም።

ከጓደኛ ጋር ይቻላል?

ለሁለት ይቻላል፤ ግን በኢንተርኔት ወይም ሁለት ኤክስቦክስ በኬብል በማገናኘት ብቻ። አንድ ቴሌቪዥን ለሁለት ከፍሎ መጫወት የለም፤ እኛ ዘንድ ጌም የሚያምረው ሶፋ ላይ ተጨናንቆ ሲሆን ነውና ይህ ያሳዝናል። ከተሳካላችሁ ግን ሁለታችሁም ከተማውን እንደፈለጋችሁ ትዞራላችሁ፤ አንዱ አለቃ ጋር ሲዋጋ ሌላው ከተማው ማዶ ኦርብ ሊለቅም ይችላል። ጓደኛችሁ መኪና ውስጥ ሲገባ መኪናውን አንስቶ ባሕር ውስጥ መወርወርም ይቻላል። ሁሉም ያደርገዋል።

ለልጆች ይሆናል?

አይሆንም። በአሜሪካው ምደባ ኤም ነው፤ ማለትም ለ17 ዓመትና ከዚያ በላይ። ሥዕሉ ካርቱን ስለሚመስል ወላጅ ይታለላል። ደሙ ግን አለ፣ ስድቡም አለ።

ግራፊክሱ አላረጀም?

ፊቶቹ አርጅተዋል። ከተማዋ ግን አላረጀችም፤ ምክንያቱ በወቅቱ የተወሰደው ምርጫ ነው። እውነተኛ ለመምሰል ከመልፋት ይልቅ ነገሮችን በጥቁር መስመር ከበው በደማቅ ቀለም ቀቧቸው፤ የኮሚክ መጽሐፍ ገጽ ይመስላል። እውነትን ለመምሰል የደከሙት የዚያ ዘመን ጌሞች ዛሬ ጭቃ መስለው ይታያሉ።

ሌላው የዕይታው ርቀት ነው። ከተማዋ መሃል የኤጀንሲው ታወር አለ፤ ከሁሉም የሚረዝመው እሱ ነው። አሳንሰር የላችሁም፤ በእጅ በእጅ ነው የሚወጣው። መጀመሪያ ስሞክረው ጫፉ ጋ ልደርስ ሲቀረኝ አንድ ጠርዝ ሳትኩና ታች ድረስ ወረድኩ፤ ጆይስቲኩን አስቀምጬ ቡና ልጠጣ ሄድኩ። በሦስተኛው ደረስኩ። ከዚያ ላይ ስታዩ ሦስቱም ሰፈሮች ከእግራችሁ ሥር ተዘርግተዋል፣ ሰማዩ እየመሸ ነው፣ መብራቶቹ እየበሩ ነው፤ የምታዩትም ሁሉ በእግር የሚደረስበት ነው። ከዚያ ምን ይደረጋል? ወደ ውሃው ይዘለላል።

ሁለተኛውና ሦስተኛውስ?

ክራክዳውን 2 እ.ኤ.አ. በ2010 ወጣ፤ የሠራው ሌላ የደንዲ ድርጅት፣ ራፊያን ጌምስ ነው። ከተማዋ ያችው ፓስፊክ ሲቲ ነች፤ ፈራርሳ፣ ሌሊት ሌሊት ፍሪክ የሚባሉ ጭራቆች የሚወጡባት ሆና። ተጫዋቹ እስከ አራት ሆነ፣ አየር ላይ የሚንሳፈፉበት ልብስ መጣ፣ ኦርብ ፈላጊ መሣሪያም ተጨመረ፣ እንዲያውም ስትቀርቧቸው የሚሸሹ ኦርቦች አሉ። ግን 21 ስምና መልክ ያላቸው አለቆች ቀርተው በቦታቸው ተመሳሳይ ሥራ ገባ። ያችኑ ጣሪያ ደግሞ መውጣት የመጀመሪያውን ጊዜ አይተካም።

ሦስተኛው የተስፋ ብዛት ነው። በ2014 ታወጀ፤ በክላውድ (በኢንተርኔት በሚገናኙ ሩቅ ኮምፒውተሮች) ኃይል ከተማ ሙሉ ይፈርሳል ተባለ፤ ቀኑ ተገፋ፣ ደግሞ ተገፋ፣ በየካቲት 2019 (እ.ኤ.አ.) ደረሰ። ፈራሹ ከተማ ለአምስት ለአምስት በሚደረግ የኢንተርኔት ግጥሚያ ብቻ ተወስኖ ቀረ፤ ዋናው ጌም ውስጥ ሕንፃ አይነካም። ተዋናይ ቴሪ ክሩስ ኮማንደር ጃክሰን ሆኖ ገብቶበታል፤ ጮክ ያለ ነው፣ ያስቃል። መዝለሉ አሁንም ጣፋጭ ነው። የተቺዎችን ነጥብ በሚሰበስበው ሜታክሪቲክ ድረ ገጽ ላይ አማካዩ ለመጀመሪያው 83፣ ለሦስተኛው 60 አካባቢ ነው፤ እኔ ብሆን ለሦስተኛው ትንሽ እጨምርለት ነበር። ሰዎቹ የተናደዱት በጌሙ ሳይሆን በተስፋው ይመስለኛል። በ2007 ቢወጣ ግሩም ይባል የነበረ ጌም በ2019 ወጣ።

ዛሬ እንዴት ላገኘው? እኔ ያለኝ ፕሌይስቴሽን ነው።

የአብዛኞቻችን ችግር ይኸው ነው፤ አገር ቤት በየሰፈሩ ያለው ፕሌይስቴሽን ነው። ክራክዳውን ወደ ፕሌይስቴሽን አልመጣም፤ አይመጣም ብላችሁ ተስፋ ቁረጡ። የመጀመሪያው ወደ ኮምፒውተርም አልመጣም፤ ሦስተኛው ግን ዊንዶውስ ላይ አለ። ኤክስቦክስ ዋን ወይም ሲሪስ ያላችሁ ግን ዕድለኞች ናችሁ፤ የመጀመሪያው በእነሱ ላይ ይሠራል፣ ማይክሮሶፍትም ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በነፃ አውጥቶት ነበር። አንድ ዲቪዲ ላይ ይገባ የነበረ ጌም ስለሆነ እንደ ዘንድሮዎቹ ዳታ አይጨርስም።

ፕሌይስቴሽን ብቻ ያላችሁ ኢንፌመስን ፈልጉ። የመጀመሪያው በ2009 ለፕሌይስቴሽን 3 ወጣ፤ ሴከንድ ሰን የተባለው በ2014 ለፕሌይስቴሽን 4። ከጠመንጃ ይልቅ በእጅ በሚወጣ ኃይል ነው የሚዋጉት፤ የፎቅ መውጣት ሱሱን ግን ያስታግሳል። ሴይንትስ ሮው 4ም አለ፤ የክራክዳውንን ዝላይና ኦርብ በግልጽ ወስዶ ቀልድ ጨመረበት።

ስንት ከስንት ትሰጠዋለህ?

ከ10፣ 8። አንዱን የቀነስኩት ለኢላማው፣ አንዱን ለባዶው መንገድ።

499 ሰበሰብኩ፤ አንዷ ጠፋችብኝ። የት ናት?

ይህን ከልቡ የሚጠይቅ ሰው ወንድሜ ነው። ጌሙ አይነግራችሁም፤ ካርታው ላይ ምልክት የለም። በመጀመሪያ የዳይሬክተሩን ወሬና የመኪናውን ጩኸት ሽሹ፤ ኦርብ ስትቀርቡት እዝ የሚል ድምፅ አለው፣ ጆሮ ከዓይን ቀድሞ ያገኘዋል። ቀጥሎ እስኪመሽ ጠብቁና ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆማችሁ ዙሪያውን እዩ፤ አረንጓዴው ብርሃን ጨለማ ውስጥ ይለያል። በመጨረሻ ደግሞ «እዚህማ ወስጃለሁ» ብላችሁ የዘለላችሁትን የመጀመሪያውን ሰፈር፣ ላ ሙግሬን፣ ድገሙት። ገና መዝለል ሳትችሉ ያለፋችሁት ጣሪያ እዚያ ነው ያለው። የእኔዋ እዚያ ነበረች፤ የመጀመሪያውን ቀን ቆሜ ካየሁትና «አይደረስም» ብዬ ከተውኩት ጭስ ማውጫ ላይ።